ዝም ያለልኝ ርካሽ ፒክአፕ

በቤት ለሠራሁት ስቲል ጊታር፣ ጭን ላይ ተጋድሞ ክሩ ላይ ብረት እየተንሸራተተ ለሚመታው ማለት ነው፣ የገዛሁት ፒክአፕ ስም የለውም። ፒክአፕ የክሩን ንቅናቄ ለቅሞ ወደ አምፕሊፋየር የሚልከው ዕቃ ነው። ሳጥኑም ላይ ጀርባውም ላይ የተጻፈ ነገር የለም። የቻይና ነው። ማግኔቱ ሴራሚክ ነው። ከዱባይ በመጣ ሰው ሻንጣ ውስጥ፣ ካልሲ መሃል ተወሽቆ ነው የደረሰኝ። ይኸው ወራት ተጫወትኩበት። ዛሬ ቢሰረቅብኝ ነገ ያንኑ አስመጣለሁ።

ያስወደደኝ አንድ ነገር ነው። አይጮህም።

ይሄ ምን ይገርማል የሚል ካለ እኔ ቤት መጥቶ ይስማ። የምኖረው አዲስ አበባ፣ አሮጌ ቤት ውስጥ ነው። ሶኬቶቹ የኧርዝ መስመር የላቸውም። ጣሪያው ላይ ፍሎረሰንት አለ። ከግድግዳው ማዶ የጎረቤታችን የእማማ ምጣድ አለ፤ ሲሰካ የእኔም አምፖል ደብዘዝ ይላል። ለሙከራ የተዋስኩት ባለ አንድ ኮይል (ባለ አንድ የሽቦ ጥቅል) ፒክአፕ እዚህ ቤት ገና ክር ሳልነካ «እምምምም» ይል ነበር። ወደ አንድ አቅጣጫ ስዞር ይብሳል፣ ወደ ሌላው ስዞር ይቀንሳል። ስቲል ጊታር ደግሞ ጭን ላይ ተጋድሞ ነው የሚመታው። በየዘፈኑ ወንበር ይዞ መዞር የለም።

ፒክአፕ ማለት ማግኔት አለ፣ በዙሪያው ደግሞ ፀጉር የሚያህል የመዳብ ሽቦ በሺህ የሚቆጠር ዙር ተጠቅልሏል። የብረቱ ክር ሲንቀጠቀጥ የማግኔቱን መስክ ያናውጠዋል፤ ሽቦው ውስጥ ትንሽ ኤሌክትሪክ ይፈጠራል። ችግሩ ያ ሽቦ የክሩን ንቅናቄና የቤቱን መብራት አይለይም። የእኛ መብራት 220 ቮልት ነው፤ በሰከንድ 50 ጊዜ ይመላለሳል። ሽቦው ያንንም ለቅሞ ወደ አምፕሊፋየሩ ይልከዋል።

መድኃኒቱ አዲስ አይደለም። ጊብሰን የተባለው የአሜሪካ ጊታር ድርጅት ባለሙያ ሴዝ ላቨር በ1955 እ.ኤ.አ. የፈጠራ መብት የጠየቀበት ነው። ሁለት ኮይል ጎን ለጎን ታደርጋለህ። ጥቅልሉንም የማግኔቱን ዋልታም በአንዱ ላይ ትገለብጣለህ። ከውጭ የገባው ጩኸት አንዱ ኮይል ሌላውን ያጠፋዋል፤ የክሩ ድምፅ ግን ከሁለቱም ይደመራል። የእኔው ይህንኑ በጠባቡ የያዘ ነው። ከላይ ሲታይ ነጠላ ኮይል ይመስላል። ውስጡ ግን ሁለት ቀጫጭን ኮይል አለ፤ በየኮይሉ መሃል ከዳር እስከ ዳር አንድ ወጥ ብረት ቆሟል። «ምላጭ» የሚሉት እሱን ነው።

እዚህ ላይ የአንድ ፒክአፕ ሻጭ ድምፅ ይመጣብኛል። «ወንድሜ፣ ሴራሚክማ ቆሻሻ ነው። አልኒኮ ፋይቭ ውሰድ። ኦርጅናል ነው፣ የቪንቴጅ፣ የድሮው ድምፅ።»

እሺ። አልኒኮ ዋና ዋናው ብረት፣ አሉሚኒየም፣ ኒኬልና ኮባልት ነው። ጥሩ ማግኔት መሆኑን አልካድኩም። ግን የአንዱ ኦርጅናል ዋጋ ከጊታሬ ጠቅላላ ወጪ ይበልጣል። ገላው ከአናጺ ቤት የተረፈ የዋንዛ ሳንቃ ነው። ክሩ የሚያርፍበት ድልድይ የአሉሚኒየም አንግል ነው። ክሩ ላይ የማንሸራትተውን ብረት ቶርኖ ቤት አስቆረጥኩት። እዚህ ላይ የእሱን ኦርጅናል ብገጥም ሳንቃው ራሱ ይስቅብኛል።

«ቪንቴጅ» ካልንስ? በ1932 እ.ኤ.አ. ለገበያ የወጣው የመጀመሪያው ኤሌክትሪክ ጊታር ራሱ ስቲል ጊታር ነበር። በኋላ ሪከንባከር የተባለው ድርጅት ሥራ ነው። ቅርጹን አይተው «መጥበሻ» አሉት። ፒክአፑን የፈለሰፈው ጆርጅ ቦሻምፕ ራሱ የሃዋይ ጊታር ተጫዋች ነበር። ለገበያ የቀረበው ከአሉሚኒየም ነው የተሠራው፤ የሙከራው ግን ከእንጨት ነበር። ስለዚህ የጊታር ፒክአፕ የተወለደው ለዚሁ ጭን ላይ ለሚጋደም መሣሪያ ነው። በዚያ ዘመን ግን ኮይሉ አንድ ነው። ቪንቴጅ የፈለገ ጩኸቱንም አብሮ ይረከብ።

ሻጩ አያቆምም። «ሴራሚክ ስል ነው፣ ጆሮ ይወጋል።» እኔ የምሰማው እንዲያ አይደለም። በእንደዚህ ዓይነት ጠባብ ፒክአፕ ውስጥ ሽቦው በጣም ቀጭን ነው፣ ዙሩም ብዙ ነው። ያ ቀጭኑን ድምፅ ያለዝበዋል። ስቲል ጊታር ደግሞ ብረት በብረት ላይ የሚሄድበት ነገር ስለሆነ ከመጀመሪያውም ብሩህ ነው። ሁለቱ ተቻቻሉ። ከበዛብህም መፍትሔው ነጻ ነው፤ ፒክአፑን ከድልድዩ ጥቂት ሴንቲ ሜትር አርቀህ ግጠመው፣ ድምፁ ይወፍራል። ቦታውን የምትቦረቡረው አንተው ነህ። የፋብሪካ ጊታር የያዘ ሰው ይህ ዕድል የለውም።

ደግሞ ስለ ጩኸቱ አንድ ነገር ልጨምር፤ ሻጮቹ ይህን አያነሱትም። ስቲል ጊታር ላይ ክሩን ትመታለህ፣ ድምፁ እየሞተ ሲሄድ ቮልዩሙን ቀስ እያልክ ከፍ ታደርጋለህ። እንዲያ ነው የሚረዝመው። ቮልዩሙ ሲነሳ ግን ጉምጉምታውም አብሮ ይነሳል። ዜማው እየሳሳ ጩኸቱ እየወፈረ ይሄዳል። በፈጣን ዘፈን ላይ ማንም አይሰማውም። ትዝታ ላይ ግን ጉድ ነው። ትዝታ ግማሹ ዝምታ ነው።

ስለ ትዝታ ካነሳሁ፣ ሲ ሲክስ (C6) የሚባለውን የስቲል ጊታር ቅኝት ሞክሩት። ከወፍራሙ ወደ ቀጭኑ ዶ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ፣ ዶ፣ ሚ ነው። ይሄ ከትዝታ ሜጀር ሬ ብቻ ሲጎድል ማለት ነው። ሬን ከዶ በአንገቱ ላይ ካሉት መስመሮች ሁለቱን ያህል ወደ ላይ አንሸራትተህ ታገኛታለህ። ማሲንቆ የለመደ ጆሮ ያን መንሸራተት ይወደዋል። ሃዋዮች ለራሳቸው ነገር ሠሩት፤ ለእኛም ልክ ሆነ።

«ኮፐር ቴፕ ለጥፍበት፣ ጩኸቱ ይጠፋል» ያለኝም ነበር። ቴፑ ጢዝ የሚለውን ይቀንሳል፤ እውነት ነው። በማግኔት መስክ የሚመጣውን እምምታ ግን አያቆመውም። ቀጭን መዳብ ለ50 ኸርዝ መስክ ግድግዳ አይሆንም። ብሩን ለሁለተኛ ኮይል ማዋል ይሻላል።

ምላጩም ሌላ ጥቅም ሰጥቶኛል። ክሮቼን ራቅ ራቅ አድርጌ በ11 ሚሊ ሜትር ነው የዘረጋኋቸው፤ ለቀኝ እጄ ይመቻል። ከመጀመሪያው እስከ ስድስተኛው 55 ሚሊ ይሆናል። የተለመደው የጊታር ፒክአፕ ከየክሩ ሥር አንድ አንድ የብረት ጉጥ አለው፤ ስድስቱ ጉጦች ግን 50 ወይም 52 ሚሊ ላይ ያበቃሉ። የዳሮቹ ክሮች ከጉጡ ይወጣሉ፣ ድምፃቸውም ይሰንፋል። ምላጭ ግን ጉጥ የለው ምን የለው፤ ክሩ የትም ቢያልፍ ያገኘዋል። በቤት ለሚሠራ ሰው ይሄ ትልቅ ነገር ነው፤ የእኛ ልኬት መቼም ከፋብሪካ ጋር አይገጥምም።

እንከን አለው? አለው። አምፑን ከፍ ስታደርገው ያፏጭ ነበር፤ ሽቦው እንዳይንቀጠቀጥ የሚይዘውን ሰም ኮይሉ ውስጥ አላፈሰሱበትም። ይህን በቤት ታስተካክለዋለህ። ሰም አገራችን ሞልቷል። ብዙውን የሱቅ ሻማ፣ ጥቂቱን የንብ ሰም በጣሳ አድርገህ፣ ጣሳውን ሙቅ ውሃ ያለበት ድስት ውስጥ ታስቀምጣለህ። እሳት ላይ በቀጥታ እንዳትጥደው፣ ይቀጣጠላል። ሙቀቱ 65 ዲግሪ አካባቢ ይሁን፤ ካለፈ የኮይሉ ፕላስቲክ ይጣመማል። ፒክአፑን ነክረህ አረፋው እስኪያልቅ ትጠብቃለህ። የእኔው ከዚያ ወዲህ አላፏጨም። አብሮት የመጣው የቮልዩም መዞሪያ ግን ብላሽ ነው፤ ሲዞር ይንኮሻኮሻል። እሱን ጣሉትና 500 ኪሎ ኦም የሆነ ሌላ ግዙ።

ቀጥሎ ባለ ስምንት ክር ልሠራ ነው። ክሮቹ በ10 ሚሊ ቢዘረጉ 70 ሚሊ ይሆናሉ፤ የእኔ ምላጭ ለዚያ ያጥራል። የባለ ስምንት ክር ፒክአፕ ዋጋ ጠይቄ ነበር፤ ዝም ብዬ ስልኩን ዘጋሁት። ስለዚህ ሁለት ርካሾች ፈልጌ አንዱን ለአራቱ ወፍራሞች፣ ሌላውን ለአራቱ ቀጭኖች ፊትና ኋላ አድርጌ ልገጥማቸው ነው። ከዱባይ የሚመጣ ሰው ያለው ይንገረኝ።