ማንጋ ፕላስ፦ ለግምት አውጪዎች ምን ያህል ይጠቅማል?
የጃፓኑ ተከታታይ የሥዕል ታሪክ (ማንጋ) የዋን ፒስ ቀጣይ ምዕራፎች በማን ላይ ያተኩራሉ ብሎ መገመት የሚወድ ሰው ሾልከው በሚወጡ የተቆራረጡ ገጾች ባይመራ ይሻለዋል፤ በችኮላ የተተረጎመ አንድ ቃል ግምቱን ሁሉ ገደል ይከተዋል። የአሳታሚው የሹኤይሻ ሕጋዊ የማንጋ ማንበቢያ፣ ማንጋ ፕላስ፣ አዲሱን ምዕራፍ ከጃፓን እኩል፣ በአዲስ አበባ እሁድ ምሽት 12 ሰዓት ላይ ይለቃል። የመጀመሪያዎቹና የቅርቦቹ ሦስት ሦስት ምዕራፎች በነጻ ናቸው።

ችግሩ መሀል ያሉት ላይ ነው። በስልክ መተግበሪያው በነጻ የሚነበቡት አንዴ ብቻ ነው። ከዋና ገጸ ባሕርያቱ አንዱ ኡሶፕ በግዙፎቹ አገር ኤልባፍ ላይ ጎልቶ ይወጣል የሚለው ግምት ሥሩ ከ115 እስከ 129 ባሉት ምዕራፎች፣ በግዙፎቹ በዶሪና በብሮጊ ፍልሚያ ውስጥ ነው። እነዚህን ስታነቡ የምዕራፍና የገጽ ቁጥር ጻፉ፤ ተመልሶ ማጣራት ክፍያ ይጠይቃል። የሚያሳዝነው፣ ማንጋ ፕላስ አማርኛ የለውም።