የድሮ ፖሊስ ላንድሮቨር ላደሱልን የጅማ ባለሙያዎች፦ እጃችሁን ቁርጥማት አይንካው!

ጅማ መርካቶ በኩል ላሉት መካኒክ፣ ባትላሜራና የመኪና ኤሌክትሪሺያን ምስጋናችን ከልብ ነው። በጨረታ የተገዛውን የድሮ ፖሊስ ላንድሮቨር፣ ሲሪስ ሦስት (Series III) ባለ 109 ኢንች፣ ለቤተሰብ የሚሆን መኪና አድርገው አስረክበውናል። ይህን ሞዴል (እ.ኤ.አ. ከ1971 እስከ 1985 የተመረተውን) የያዛችሁ ሥራቸውን እወቁላቸው።

ከሁሉ በፊት ከሥር ጀመሩ። ቦዲው አሉሚኒየም ስለሆነ ብዙ ሰው ላንድሮቨር አይዝግም ይላል። ሻንሲው (ቦዲው የሚቀመጥበት የሥር አጽም) ግን ብረት ነው፤ የሚበላውም ከውስጥ ነው። መካኒኩ ከፊት እስከ ኋላ በትንሽ መዶሻ እየመታ አዳመጠ፤ ድምፁ የታፈነበትን ቦታ በካቻቢቴ ሲወጋው ዘልቆ ገባ። የተበላው የሻንሲው የኋላ አግዳሚ ነበር። እዚያ ላይ ስቱኮ ለጥፎ መቀባት ይቻል ነበር፤ እነሱ ጤነኛው ብረት ላይ እስኪደርሱ ቆርጠው በ2 ሚሊ ላሜራ በየዱት። በፊት ቀኝ ባሌስትራ (የመኪናው ክብደት የሚያርፍበት ተደራራቢ ብረት) ማንጠልጠያ ላይ የተመታውን የሻንሲ ቁጥር ደግሞ ሸፍነው ሞላ (የብረት መፍጫ ማሽን) አላስነኩትም። ቁጥሩ ከተፋቀ ስም ማዛወር ጣጣ ነው።

በፖሊስ መኪና ትልቁ ችግር ሽቦ ነው። የሳይረን፣ የጣሪያ መብራትና የሬዲዮ መስመር በኋላ የተጨመረ ስለሆነ አንዳንዱ ያለ ፊውዝ በቀጥታ ከባትሪ ይመጣል። ጫፉን ቆርጦ በፕላስተር መጠቅለል ብቻውን አይበቃም፤ ሽፋኑ ተፍቆ ቦዲ ከነካ እሳት ያስነሳል። ኤሌክትሪሺያኑ እያንዳንዱን መስመር እስከ መነሻው ተከትሎ መዝዞ አወጣ፤ የቀረውን በፊውዝ አሳለፈ።

የጣሪያው መብራት የተነሳበትን ቀዳዳ በአሉሚኒየም ልጣፍና በአሉሚኒየም ሪቬት ዘጉት። የብረት ቡሎን ቢያስገቡ ኖሮ በጅማ ዝናብ አሉሚኒየሙ ዙሪያውን ነጭ ዱቄት እያወጣ ይበላ ነበር። ቀለምም በባዶ አሉሚኒየም ላይ አይይዝም፤ መጀመሪያ አሲድ ያለው ፕራይመር ያስፈልገዋል። ይህን የሚዘል ቀቢ ስንት አለ!

ሞተሩ 2.25 ሊትር ቤንዚን ነው። የቫልቩን ክፍተት 0.25 ሚሊ፣ የፑንቲናውን (የኤሌክትሪክ መስመሩን እየከፈተና እየዘጋ ብልጭታ የሚያስነሳውን) ከ0.35 እስከ 0.40 ሚሊ አስተካከሉ፤ ካንዴላዎቹ ብልጭታ የሚሰጡበት ተራ 1-3-4-2 ነው። ሚኒሞ ላይ (ነዳጅ ሳይረገጥ ሞተሩ ሲሠራ) የሚረብሸው ግን ዜኒት የተባለው ካርቡሬተር፣ ማለትም ቤንዚኑን ከአየር ጋር የሚቀላቅለው ዕቃ ነበር። የላይኛው ክዳኑ ሙቀት ሲያጣምመው አየር ይስባል። ቀጭን ብርጭቆ ወረቀት መስታወት ላይ አንጥፈው፣ ክዳኑን ፊቱ እኩል እስኪሆን ቀስ እያሉ ፈተጉት። አዲስ ካርቡሬተር ግዙ አላሉንም፤ እንዲህ ያለ ታማኝነት ዋጋው ብዙ ነው።

የፊት ጎማ መዞሪያ ኳሶች ላይ ክሮሙ ከተቦረቦረ አዲስ ፓራኦሊዮ (ዘይት እንዳይወጣ የሚያግድ ጎማ) መቀየር ዋጋ የለውም፤ ወዲያው ይቀደዳል። ስለዚህ ኳሱንም ፓራኦሊዮውንም አንድ ላይ ቀይረው በእያንዳንዱ ግማሽ ሊትር ቁጥር 90 የማርሽ ዘይት ሞሉ።

እንዲህ ያለ መኪና ለመግዛት ያሰባችሁ፣ የቀረጡን ጉዳይ ሳታጣሩ፣ የሞተርና የሻንሲ ቁጥሩን ከሊብሬው ጋር ሳታመሳክሩ ብር እንዳትከፍሉ። ወደ እነሱ የምትወስዱትንም ቀድማችሁ አታስቀቡ፤ ለመመርመር መልሰው ይፍቁታል። ስልካቸውን ፈቅደውልናል፤ በውስጥ መስመር ጠይቁን። ክረምት ሳይገባ ወረፋ ያዙ፤ እርጥበት ባለበት ቀለም አይቀቡም።