በጠርሙስ የሚሸጠው ኮራላይን ለድራይ ሮክ ይሰራል ወይ? ከ5 ኮከብ 4 ሰጥቼዋለሁ

ሶልት ዋተር ታንክ (የጨው ውሃ የዓሣ ገንዳ) ያላችሁ ወይም ልትጀምሩ ያሰባችሁ ይሄን አንብቡልኝ። ስለ ኮራላይን አልጌ ነው፣ ያ ድንጋዩን ሮዝና ወይን ጠጅ የሚያለብሰው ማለት ነው። እኔ የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ ነው፣ 40 ጋሎን ታንክ አለኝ፣ ሙሉ በሙሉ በድራይ ሮክ (ሕይወት በሌለው ደረቅ የታንክ ድንጋይ) የተጀመረ። ድራይ ሮክ የመረጥኩት አስቤበት ነው፣ ዋጋው ይቀንሳል፣ አይፕታዚያ ምናምን የሚባለውን ተባይ ይዞ አይመጣም፣ ደሞ ደረቅ ስለሆነ ሳትቸኩሉ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣችሁ እንደፈለጋችሁት በማጣበቂያ ትገጣጥሙታላችሁ። ችግሩ ግን በላዩ ላይ ሕይወት ያለው ነገር አለመኖሩ ነው። ኮራላይን ዘሩ ከሆነ ቦታ ካልመጣ አይበቅልም በቃ፣ ስትጠብቁ ስትጠብቁ መጀመሪያ ዳያተም የሚባለው ቡናማ ስስ አልጌ ከዛ አረንጓዴው ፀጉራም አልጌ መጥቶ ባዶውን ድንጋይ ይይዘዋል።

ስለዚ የኮራላይን ዘር ያለበትን ጠርሙስ አዘዝኩ። የካምፓኒውን ስም አልጠራም፣ ገበያ ላይ ያሉት ዘር ያላቸው ጠርሙሶች አሰራራቸው ተመሳሳይ ነው። ሲደርስ ውሃው ደብዘዝ ያለ ሮዝ ነው፣ ስሩ ላይ ደቃቅ ፍርፋሪ ዘቅጧል፣ ዋናው ነገር ያ ፍርፋሪ ስለሆነ በደንብ መነቅነቅ አለበት። ስኪመር (ቆሻሻን በአረፋ የሚያወጣው መሣሪያ) እና ዩቪ (ውሃውን በጨረር የሚያጸዳው መብራት) ካላችሁ ታጠፋላችሁ፣ ፊልተር ሶኩን (ውሃውን የሚያጣራውን የጨርቅ ከረጢት) ታወጣላችሁ፣ ፓምፖቹን ለትንሽ ጊዜ አቁማችሁ በሲሪንጅ ድንጋዩ ላይ ቀስ እያላችሁ ታፈሱታላችሁ። ፊልተሩ ስራ ላይ እያለ ከጨመራችሁት ብሩን ፊልተሩ በላው ማለት ነው።

ታዲያ ሰራ ወይ? አዎ ሰርቷል፣ ግን ማሸጊያው ላይ በተጻፈው ፍጥነት አይደለም፣ አንድ ኮከብ የቀነስኩትም ለዛ ነው። በሳምንታት ውስጥ ድንጋዩ ቀለም ይይዛል ይላል፣ እኔ ጋ ግን የመጀመሪያውን ነጥብ ለማየት ወራት ወስዷል፣ እሱም ድንጋዩ ላይ ሳይሆን ፓምፑ ጀርባ ላይ ነበር። የጤፍ ፍሬ የምታክል ሮዝ ነጥብ ናት፣ በጣቴ ባሻት አልለቅ አለች፣ በዚህ ነው እውነተኛ ኮራላይን መሆኗ የሚታወቀው፣ ሌላው አልጌ ብዙ ጊዜ ሲታሽ ይለቃል። ከዛ የኋላው መስታወት ላይ ክብ ክብ እየሰራ ሰፋ፣ ድንጋዩ መጨረሻ ላይ ነው የተከተለው፣ መጀመሪያም የያዘው ጥላ ጥላውን ነው።

ጥላ መውደዱ የሚገርም አይደለም። በ1984 እ.ኤ.አ. ባሃማስ ውስጥ ሳን ሳልቫዶር አካባቢ ተመራማሪዎች 268 ሜትር ጥልቀት ላይ ያገኙት ቀይ አልጌ እኮ የኮራላይን ዘር ነው፣ እዛ የሚደርሰው ብርሃን ከምንም አይቆጠርም። ስለዚ ኮራላይን እንዲያድግ ብላችሁ ነጩን ላይት እስከ ጥግ አትክፈቱ፣ አረንጓዴውን ነው የምታሳድጉት። እኔ ሰማያዊውን አብዝቼ ነጩን ቀንሼዋለሁ።

አሁን ብዙ ሰው የማይነግራችሁን ልንገራችሁ። ጠርሙሱ የሚሰጣችሁ ዘር ብቻ ነው፣ ምግቡ ከውሃው ነው የሚመጣው። ኮራላይን ሰውነቱን የሚሰራው ማግኒዥየም በበዛበት ካልሳይት (የኖራ ድንጋይ ማዕድን) ነው፣ ማለትም ካልሲየምም ካርቦኔትም ማግኒዥየምም ከውሃው ላይ ይወስዳል። እኔ ካልሲየም ከ400 እስከ 450 ፒፒኤም፣ አልካሊኒቲ (የካርቦኔቱ መጠን፣ በዲኬኤች የሚለካ) ከ8 እስከ 9 ዲኬኤች፣ ማግኒዥየም 1300 አካባቢ፣ ጨው (በስፔሲፊክ ግራቪቲ፣ ማለትም በውሃው ክብደት ሲለካ) 1.025 ላይ ነው የምይዘው። ከቁጥሮቹም በላይ ደሞ ዋናው አለመዋዠቃቸው ነው፣ አልካሊኒቲ ዛሬ 7 ነገ 10 የሚሆንበት ታንክ ውስጥ የፈለጋችሁትን ያህል ጠርሙስ ብታፈሱ ገንዘብ ማባከን ነው። ፎስፌትም ይለካ፣ አንዳንድ ድራይ ሮክ ውስጡ የያዘውን ፎስፌት ቀስ እያለ ይለቃል፣ ሲበዛ ኮራላይን መጠንከር ሊያቅተው ይችላል። ለአልካሊኒቲ ሃና ቼከር የሚባለውን መለኪያ ነው የምጠቀመው፣ ለካልሲየምና ለማግኒዥየም የሳሊፈርትን መመርመሪያ፣ ሁለቱንም ወድጃቸዋለሁ።

መጀመሪያ አካባቢ በየሳምንቱ ውሃ መቀየር በቂ ነው። ኮራላይኑ መስፋፋት ሲጀምር ግን አልካሊኒቲው በየቀኑ ትንሽ ትንሽ መውረድ ይጀምራል፣ ያን ቀን በጣም ነው ደስ ያለኝ ምክንያቱም እያደገ እንደሆነ በቁጥር ታየ። ከዛ ካልሲየም ክሎራይድና ቤኪንግ ሶዳ ለየብቻ በጥብጦ መጨመር ነው፣ ሁለቱን ግን ባንድ ላይ አታድርጉ፣ ውሃው ውስጥ ነጭ ሆኖ ይረጋና ሁለቱም ይባክናሉ።

አንድ ጓደኛዬ ደውሎ "ወንድሜ፣ ያኛው ርካሹ ወይን ጠጅ ያደርጋል የሚለው አይሻልም?" አለኝ። ለሱ ያልኩትን ለናንተም ልበላችሁ፣ ከመግዛታችሁ በፊት ውስጡ ያለውን አንብቡ። ካልሲየምና ማዕድን ብቻ ከሆነ ዘር የለውም፣ ድራይ ሮክ ላይ ምንም ሊያስጀምር አይችልም፣ ቀድሞ ኮራላይን ያለበት ታንክ ላይ ነው የሚጠቅመው። ቀለም የተቀባ ድራይ ሮክም እንደዛው ነው፣ ከመጀመሪያው ቀን ያምራል፣ በሕይወት ያለ ኮራላይን ግን አይደለም።

ጠርሙስ መግዛት ግዴታ አይደለም ደሞ። እዚሁ ሰፈር ያለው የዓሣ ሱቅ ልጁ በጣም ደግ ነው፣ ወይን ጠጅ የለበሰች የጡጫ ግማሽ የምታህል ድንጋይ በጥቂት ዶላር ሰጠኝ፣ ፓምፕ ፊት ለፊት አስቀመጥኳት፣ ለኔ ከጠርሙሱ እኩል ነው የሰራችው። ችግሯ ተባይ ሊኖርባት መቻሉ ነው፣ ድራይ ሮክ የመረጣችሁት ከአይፕታዚያ ለመሸሽ ከሆነ ዙሪያዋን በእጅ ባትሪ በደንብ እዩዋት። ተባይ በፍጹም አልፈልግም ለሚል ሰው ጠርሙሱ የተሻለ ነው፣ ዋጋውም ይገባዋል።

ትሮከስ ቀንድ አውጣ ጨምሩ፣ ስሱን አልጌ እየበላ ለኮራላይኑ ቦታ ያስለቅቅለታል። ዩርቺን (እሾሃማው ክብ የባህር እንስሳ) ግን ገና አትግዙ፣ ኮራላይኑን ራሱን ፍቆ ይበላዋል፣ ድንጋዩ ሙሉ በሙሉ ሲለብስ ይደርሳል።

አሁን የፊቱን መስታወት በምላጭ ስፍቅ ሮዝ ቅርፊት እየተሰነጠረ ይወርዳል፣ ያን ጊዜ ፊልተር ሶኩን አውጥቼ ፓምፑን ድንጋዩ ላይ አዞረዋለሁ፣ ያልያዘው ቦታ ላይ እንዲያርፍ። ሌላ ትንሽ ታንክ ስጀምርም ከዚሁ ነው የምወስደው፣ ሁለተኛ ጠርሙስ አላዝም።