ኮድ አመንጪው ጥሩ ነው፤ የቅርቡ ማሻሻያ ግን የኢንክሉድ አድራሻዎችን አበላሽቷል

ይህ ግምገማ የመረጃ መዋቅርን ከሚገልጽ ፋይል ተነሥቶ በሲ ፕላስ ፕላስ የፕሮግራም ቋንቋ ሄደር (ሌሎች ፋይሎች የሚጠሩት የመግለጫ ፋይል) እና ሶርስ (ዋናው ኮድ ያለበት) ፋይሎችን የሚያመነጭ አንድ መሣሪያን ይመለከታል። መሣሪያው ፈጣን ነው፤ የሚያወጣው ኮድም ሰው በጥንቃቄ የጻፈው ያህል ይነበባል። በዚህ ምክንያት ለብዙ ባልደረቦቼ መክሬዋለሁ፤ በቅርቡ የወጣውን ማሻሻያ ግን አሁን ባለበት ሁኔታ ማንም እንዲጭን አልመክርም።

የተበላሸው ነገር ከላይ ሲታይ የአንድ መስመር ጉዳይ ነው። ቀድሞ የሚመነጨው ፋይል በኢንክሉድ መስመር፣ ማለትም የሌላ ፋይልን ይዘት በሚያስገባ ትእዛዝ፣ ሌላ ሄደር ሲጠራ ከፕሮጀክቱ ዋና ፎልደር ጀምሮ ያለውን አድራሻ ይዞ «ሽያጭ/ትዕዛዝ.ኤች» ብሎ ይጽፍ ነበር። አሁን የፎልደሩን ስም ጥሎ «ትዕዛዝ.ኤች» ብቻ ይጽፋል። አንዱን የመግለጫ ፋይል በሁለቱም ቨርዥኖች አስኬጄ ውጤቶቹን ሳነጻጽር ልዩነቱ በኢንክሉድ መስመሮቹ ላይ ብቻ ነበር፤ ከዚያ በታች ያለው ኮድ አንድም ፊደል አልተለወጠም።

ስህተቱ ሳይታወቅ ሊወጣ የቻለው ኮምፓይለሮች (ኮዱን ወደ ማሽን ቋንቋ የሚተረጉሙ ፕሮግራሞች) ፋይል በሚፈልጉበት ቅደም ተከተል የተነሣ ይመስለኛል። በጥቅስ ምልክት የተጠራ ሄደር መጀመሪያ የሚፈለገው ጠሪው ፋይል ራሱ ባለበት ፎልደር ውስጥ ነው፤ እዚያ ሲታጣ ብቻ ኮምፓይለሩ በትእዛዝ መስመሩ ላይ ወደ ተዘረዘሩት ፎልደሮች ይሄዳል። ስለዚህ ፋይሎቹ ሁሉ በአንድ ፎልደር ውስጥ ያሉበት ፕሮጀክት ምንም ሳይሰማው ይገነባል፤ የሚሰበረው በክፍል በክፍል የተደራጀው ትልቁ ፕሮጀክት ነው።

«ፋይሉ አልተገኘም» የሚል መልእክት ቢመጣ እንኳ መልካም ነው፤ ቢያንስ የት መፈለግ እንዳለብን ይነግረናል። የከፋው «ሽያጭ» እና «ግዢ» የተባሉ ሁለት ክፍሎች እያንዳንዳቸው «ትዕዛዝ.ኤች» የሚባል ፋይል ሲኖራቸው የሚከሰተው ነው። ኮምፓይለሩ በዝርዝሩ ቀድሞ ያገኘውን ይወስዳል፤ የተሳሳተው ፋይል ከገባ በኋላ ደግሞ ቅሬታው ስለ ኢንክሉዱ ሳይሆን «ይህ ዓይነት አይታወቅም» የሚል ይሆንና ማንም በእጁ ያልጻፈው ኮድ መካከል ወዳለ መስመር ይጠቁማል። አንዳንዶች እንደ መፍትሔ ሁሉንም ንዑስ ፎልደሮች በፍለጋ ዝርዝሩ ውስጥ ይጨምራሉ፤ ይህ ግን የስም ግጭቱን የሚያባብስ ስለሆነ በጥብቅ እቃወመዋለሁ።

የመሣሪያው ኮድ ክፍት በመሆኑ መነሻውን የኮድ ለውጦችን በሚመዘግበው በጊት፣ ባይሴክት በተባለው ትእዛዝ መፈለግ ይቻላል። መንገዱ በየእርምጃው የተጠርጣሪዎቹን ለውጦች ቁጥር በግማሽ ስለሚቀንስ ከ1000 ለውጦች መካከል ጥፋተኛውን ለማግኘት 10 ያህል ሙከራ ይበቃል። እኔ ያገኘሁት የዊንዶውስን ወደ ኋላ ያዘመመ ሰረዝ ለማስተናገድ የተደረገ እርማት ነው፤ ዓላማው ተገቢ ሆኖ ሳለ አድራሻውን ከማስተካከል ይልቅ የመጨረሻውን ስም ብቻ አስቀርቶታል።

ከስህተቱ ይልቅ ቅር ያሰኘኝ የቀረበበት መንገድ ነው። የተለወጠው የቨርዥኑ ሦስተኛ ቁጥር ብቻ ነው፤ ሴማንቲክ ቨርዥኒንግ በተባለው የቨርዥን ቁጥር አሰጣጥ ሥርዓት ይህ ቁጥር የቀድሞውን አሠራር የማይነካ እርማት ማለት ነው። ተጠቃሚው ይህን አምኖ ማሻሻያው በራሱ እንዲጫን ይፈቅዳል። የሚመነጨው ፋይል የሚጽፈው አድራሻ የመሣሪያው የውስጥ ጉዳይ አይደለም፤ የእኛ ፎልደሮችና የግንባታ ስክሪፕቶች የተደራጁት በእርሱ ላይ ተመሥርተው ነው። ስለዚህ በለውጥ ማስታወሻው ላይ «የአድራሻ አያያዝ ተሻሽሏል» ብሎ ማለፍ በቂ አይደለም።

ከ5 ነጥብ 3 ሰጥቼዋለሁ፤ ከዚህ ማሻሻያ በፊት ቢሆን 5 እሰጠው ነበር። ፋይሎቻችሁ በብዙ ፎልደሮች የተከፋፈሉ ከሆነ የቀድሞውን ቨርዥን በቁጥሩ ቆልፋችሁ ተጠቀሙ፤ የሚመነጨውንም ኮድ በጊት ውስጥ አስቀምጡት፤ በሚቀጥለው ማሻሻያ የኢንክሉድ መስመሮቹ ቢለወጡ ልዩነቱ ከግንባታው በፊት ይታያችኋል።