ፓሲፊክ ስዋሎው ወይስ ባርን ስዋሎው? ጎጆዋን አይታችሁ ለዩ

ሲንጋፖር ወይ ማሌዥያ ድልድይ ስር ጨረባ (በእንግሊዝኛ ስዋሎው የምትባለዋን ትንሽ ወፍ) ያየ ሰው የሚጠይቀው ይሄንን ነው፣ ይቺ የቷ ናት? ሁለቱም ሂሩንዶ የሚባለው ወገን ናቸው፣ ጉሮሯቸውም ቀላ ያለ ስለሆነ ያደናግራሉ።

መልክ፦ ባርን ደረቷ ላይ ጠቆር ያለ ሰማያዊ መቀነት አላት፣ ጭራዋ ረጅም ሹካ ነው። ፓሲፊክ መቀነት የላትም፣ ሆዷ ግራጫማ፣ ጭራዋ አጠር ያለ።

ጎጆ፦ ዋናው እዚህ ጋ ነው። ሁለቱም ጭቃ በአፋቸው ትንሽ ትንሽ እያመጡ ሲኒ የመሰለ ጎጆ ይሰራሉ ውስጡንም ላባ ያነጥፉለታል፣ በጣም ደስ የሚል ስራ ነው፣ ግን ባርን እዛ ብርዱን ለማሳለፍ የመጣች እንግዳ ናት የምትፈለፍለው ወደ ሰሜን ተመልሳ ነው፣ ፓሲፊክ ግን ዓመቱን ሙሉ እዛው ናት።

እንቁላል፦ ፓሲፊክ ከ2 እስከ 4፣ ባርን ብዙ ጊዜ 4 ወይ 5።

ምደባ፦ ባርንን የስዊድኑ ሳይንቲስት ሊኒየስ በ1758 ሰየማት። ፓሲፊክ ላይ ግን ክርክር አለ፣ የደቡብ ህንድና የስሪላንካዋ ሂል ስዋሎው ድሮ የሷ ንዑስ ዝርያ ተብላ ነበር፣ አሁን ለብቻዋ ትቆጠራለች፣ ለኔም ይሄ ነው ልክ የሚመስለኝ።

እና ሲንጋፖር ውስጥ ጎጆዋ ላይ ጫጩት ስትመግብ ካያችኋት ፓሲፊክ በሏት፣ ጥቅምት ላይ ኢትዮጵያ ውስጥ ጉሮሮዋ ቀላ ያለ፣ ሙሉ ሰማያዊ መቀነት ያላት ሽቦ ላይ ካያችሁ ደግሞ ባርን ሳትሆን አትቀርም፣ ፓሲፊክ አፍሪካ የለችም።