ነጭ ካላ ሊሊ ከደብረ ማርቆስ፦ ግዙ፣ ግን ቅጠሉን አይታችሁ

ደብረ ማርቆስ መንገድ ዳር ችግኝ ከሚሸጡት ቤቶች ከአንዱ ነጭ ካላ ሊሊ ገዝቼ ግቢዬ ተከልኩ። የቤቱን ስም አልጠራም፣ የማማርረው ነገር ስላለኝ።

መጀመሪያ የሚመሰገነውን ላመስግን። ባለቤቷ ትልቅ ሴት ናቸው። ዋጋ ከመንገራቸው በፊት «ልጄ፣ ግቢሽ ውሃ የሚያቁር ቦታ አለው?» አሉኝ። «አዎ እትዬ፣ ቧንቧው ሥር» አልኳቸው። «እንግዲያው ውሰጂ፣ ባይኖርሽ ብርሽን አታባክኚ እልሽ ነበር።» ሌላው ቤት እኮ ብሩን ተቀብሎ ላስቲኩን ማስጨበጥ ብቻ ነው! ጥያቄያቸውም ልክ ነው። ይሄ ተክል አገሩ ደቡብ አፍሪካና አካባቢው ነው፣ እዚያም የሚበቅለው ወንዝ ዳርና ረግረግ ላይ ነው። ሌላውን አበባ የሚያበሰብስ ጭቃ ለሱ ድግሱ ነው። በጋውን ውሃ ካላጣ ቅጠሉ ዓመቱን ሙሉ አረንጓዴ ሆኖ ይከርማል።

አንዱ ላስቲክ 150 ብር ነው። ውድ ነው ልትሉ ትችላላችሁ፣ ግን ላስቲኩን ስቀደው ሥሩ ዝንጅብል መስሎ ጠንካራ ነበር፣ የላላም የሸተተም የለውም። አራት ጣት ያህል ቀብሬ፣ በመሀላቸው አንድ ክንድ ለቅቄ፣ የበሰበሰ ፍግ ጨመርኩበት። መስከረም ላይ አጥሩ ሥር አደይ ቢጫ ሲል እሱ ነጭ በነጭ ሆነ። ጠጋ ብላችሁ ካያችሁት ያ ነጩ የአበባ ቅጠል አይደለም፣ የተጠቀለለ መሸፈኛ ነው። አበቦቹ መሀል ባለው ቢጫ ዘንግ ላይ የተደረደሩት ጥቃቅኖቹ ናቸው። ጠዋት ጠዋት ደግሞ ከቅጠሉ ጫፍ ውሃ ጠብ ጠብ ይላል። በሽታ መስሏችሁ እንዳትደነግጡ፣ ከጠገበው ውሃ የተረፈውን እያስወጣ ነው።

አሁን ወደ ቅሬታዬ። እዚያ የሚሠራው ልጅ «ዩሪያ በተን አድርጊበት፣ ቶሎ ያብባል» ብሎኝ ነበር። ውሸት ነው። ዩሪያ ሲበዛበት ቅጠል በቅጠል ይሆንና አበባውን ይረሳዋል። ከዚህ የባሰው ግን ነጩንና ባለቀለሞቹን አንድ ላይ ደባልቀው በአንድ ዋጋ መሸጣቸው ነው። ሮዝና ቢጫ የሚያብቡት ዝርያዎች ጠባያቸው ሌላ ነው፣ ውሃ የሚያሳልፍ አፈርና በደረቅ የሚያርፉበት ጊዜ ይፈልጋሉ፣ ቧንቧ ሥር ከተከላችኋቸው ሥራቸው ይበሰብሳል። ስለዚህ አበባ ሳያወጣ የምትገዙ ከሆነ ቅጠሉን እዩ። የኛ ነጩ ቅጠሉ ወጥ አረንጓዴ ነው። ነጣ ነጣ ያለ ነጠብጣብ ካለበት ተዉት።

ሌላው ያልነገሩኝ ነገር መርዛማነቱ ነው፣ ይሄ እንኳ ዝም የሚባል አልነበረም። ቅጠሉም ሥሩም ካልሲየም ኦክሳሌት የሚባል ነገር አለበት፣ ያኘከውን አፉንና ጉሮሮውን ያቃጥለዋል። ዳዴ የሚል ልጅ ወይም ግቢ ውስጥ የሚለቀቅ ጥጃ ካላችሁ አጥር ሥሩለት።

ባሕር ዳር ላላችሁ፣ እናንተ ጋ 1,800 ሜትር ነው፣ እኛ ጋ 2,400 ገደማ። ፀሐዩ ስለሚበረታባችሁ ከሰዓት ጥላ የሚያገኝበት ቦታ ስጡት። ወደ ጮቄ ተራራ ተጠግታችሁ ለምትኖሩ ደግሞ ውርጭ ቅጠሉን ቢያቃጥለው አትንቀሉት፣ ሥሩ ከተረፈ መልሶ ያወጣል።

ለሰርግ ወይም ለቤት ስትቀጥፉ በመቀስ ከመቁረጥ ግንዱን ከሥሩ ይዞ ጠምዘዝ አድርጎ መሳብ ይሻላል። ሲበዛባችሁ ሥሩን ቆፍሮ መከፋፈል ነው፣ ሁለተኛ መግዛት አያስፈልጋችሁም። እንዲያውም ጎረቤት ይጠይቃችኋል።

ብቻ ስትሄዱ በገበያ ቀን አይሁን። በገበያ ቀን እትዬ የሉም፣ የሚሸጠው የዩሪያው ልጅ ነው።