ግራጫው ደጅ ሲወጣም ግራጫ ነው፦ የፒግመንት ቀለምና የጥጥ ወረቀት ከወራት በኋላ

ይህን ፕሪንተር የገዛሁት ለአንድ ነገር ብቻ ነው፤ ግራጫው ግራጫ ሆኖ እንዲወጣልኝ። ወራት አልፈዋል፣ አሁን አፌን ሞልቼ እናገራለሁ፦ ወጥቶልኛል። በተረፈ እንደማንኛውም ፕሪንተር ነው። ያትማል፣ ይንጫጫል፣ ጠረጴዛ ያጣብባል።

የድሮው ባለ ስድስት ቀለም፣ ባለ ታንክ ነበር። ለልደትና ለሰርግ ከለር ፎቶ ዛሬም ክፉ አልናገረውም። ጥቁርና ነጭ ላይ ግን አንጀቴን አሳረረው። ደብረ ብርሃን ቤቴ ውስጥ፣ አምፖል ስር ሳየው ጥርት ያለ ግራጫ ነው። ደጅ ይዤው ስወጣ ወደ አረንጓዴ ይሄዳል። አንዲት ደንበኛ የአባቷን ፎቶ ልትወስድ መጣች። ሽማግሌው የመንዝ በርኖስ ለብሰው ነው የተነሱት። ቤት ውስጥ አይታ ተደስታ፣ ደጃፉን እንዳለፈች ቆም አለች። «ውይ! አባባን አረንጓዴ አደረግካቸው እኮ!» እውነቷን ነው። ጢማቸው ሁሉ አረንጓዴ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ያ ፕሪንተር ግራጫ ቀለም የለውም። ግራጫን የሚሠራው ሳያን (ውሃ ሰማያዊ)፣ ማጀንታ (ሮዝማ ቀይ) እና ቢጫ ቀላቅሎ ነው። የአምፖልና የፀሐይ ብርሃን ደግሞ አንድ አይደሉም፤ በአንዱ ስር የተመጣጠነው ድብልቅ በሌላው ስር ይዛባል። «ጥቁር ብቻ» ብሎ ማዘዝም ይቻላል። ያኔ አረንጓዴው ይጠፋል፣ ነጠብጣቡ ግን ይመጣል። ጣርማ በር ላይ ያነሳሁትን ጉም እንደዚያ ባትመው ከጉሙ ይልቅ ነጥቡ ታየ።

አዲሱ ጥቁር፣ ግራጫና ፈካ ያለ ግራጫ ለየብቻ አለው፤ ቀለሙም ፒግመንት ነው፣ ፈሳሹ ውስጥ ያልሟሟ ደቃቅ የቀለም ብናኝ። ጉሙን በፈካው ግራጫ ይሞላዋል እንጂ ጥቁር ነጥብ በትኖ ዓይን አይሸውድም። ከከለሮቹም ጥቂት ጣል ያደርጋል፤ መጠኑ ትንሽ ስለሆነ መብራት ሲቀየር አይታወቅም። አሁን ፎቶ ሳስረክብ ደንበኛውን ራሴ ነኝ ደጅ የማወጣው። ትንሽ ጉራም አለበት።

ወረቀቱ ላይ ግን ከሻጩ ጋር እስከዛሬ በሐሳቤ እጨቃጨቃለሁ። «ወንድሜ፣ ግሎሲ ውሰድ፤ ሰው የሚያብለጨልጭ ነው የሚወደው።» አንተስ ወንድሜ፣ በፒግመንት የታተመ ግሎሲ አዘንብለህ አይተህ ታውቃለህ? ፒግመንት እንደ ዳይ፣ ፈሳሹ ውስጥ እንደሚሟሟው ቀለም፣ ወረቀቱ ውስጥ አይሰርግም፤ ላዩ ላይ ይቀመጣል። ስለዚህ ቀለም ያረፈበትና ያላረፈበት ቦታ አብረቅራቂነቱ ይለያያል፤ ጥቁሩም ወደ ነሐስ የሚያደላ ነጸብራቅ ያመጣል። የሽማግሌው በርኖስ ሊስትሮ የጠረገው ጫማ መሰለ።

ከጥጥ የተሠራ ማት፣ ማለትም የማያብለጨልጭ ወረቀት ላይ ያንኑ ፎቶ ስደግመው ሱፉ ሱፍ ሆነ። ትከሻው ላይ ያለችው ሹል ከጀርባው ጥላ ተለይታ ትታያለች። ጠጉሩ የተቋጠረበት ቦታ ሳይቀር ይለያል። «የግሎሲ ጥቁር ይጠልቃል» ትለኛለህ። ይጠልቃል፣ አልካድኩህም። ማት ላይ ጥቁር ያን ያህል አይወርድም። እኔ ግን ጥቁር ጉድጓድ አልፈለግኩም፤ በርኖስ ነው የፈለግኩት። ከማተሜ በፊት ጨለማውን ቦታ ኮምፒውተር ላይ ትንሽ ከፈት አደርገዋለሁ፣ በቃ።

ሁለት ነገር ሳልናገር አልፍም። የፎቶ ጥቁርና የማት ጥቁር የተለያዩ ቀለሞች ናቸው። ሴቲንጉ ላይ የወረቀቱን ዓይነት ግሎሲ ብላችሁ ማት ካስገባችሁ ጥቁሩ አመድማ ሆኖ ይወጣል፤ ከዚያ ወረቀቱን ትራገማላችሁ። ሌላው፣ እጅግ ነጭ የሆነ ወረቀት ብዙ ጊዜ ማንጪያ ኬሚካል አለበት። ኬሚካሉ ከጊዜ ጋር ይደክማል፣ ወረቀቱም ወደ ተፈጥሮ መልኩ ይመለሳል። እኔ ያለ ማንጪያ የተሠራውን፣ ክሬም ነገር የሆነውን ነው የምወስደው። «ወረቀቱ ቆሽሿል እንዴ?» የሚሉኝ አሉ። ይበሉ።

የሚያናድደኝ መብራቱ ነው። እያተመ ሳለ መብራት ሲጠፋ ቀለም የሚረጨው የፕሪንተሩ ራስ (ሄድ) ወደ ማረፊያው ሳይመለስ መሃል መንገድ ይቀራል። ክዳን የለው፣ ምን የለው። የኅዳርና የታኅሣሥ ደረቅ ብርድ ደግሞ የታወቀ ነው፤ ፒግመንቱ ኖዝሉ፣ ቀለም የሚወጣበት ቀዳዳ ላይ ይደርቃል። ከዚያ ሄድ ክሊኒንግ፣ ራሱን ማጽዳት ነው፤ እሱም ውድ ቀለም ይጠጣል። ዩፒኤስ፣ መብራት ሲጠፋ የሚይዝ ባትሪ፣ ከሌላችሁ ይህን ማሽን አትግዙ። ሥራ ባይኖርም በሳምንት አንድ ገጽ አትሙበት። የጥጥ ወረቀት ብናኝም አለው፤ ከማስገባታችሁ በፊት ለስላሳ ብሩሽ አሳልፉበት፣ አለዚያ ጥቁሩ ላይ ነጭ ነጥብ ይቀራል።

ውድ ነው? ኪስ ያራቁታል። ሙሉ ገጽ ከማተሜ በፊት አንዱን ወረቀት በቁመቱ ሰንጥቄ በቁራጩ እሞክራለሁ። ብትጠይቁኝ ግን ደግሜ እገዛዋለሁ፣ ዛሬውኑ። ጥቁሩ ቀድሞ ያልቃል ብዬ ትርፍ ጥቁር ይዤ ነበር፤ ቀድሞ ያለቀው ፈካ ያለው ግራጫ ነው። እዚህ አይገኝም፤ አዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ነው። ስትገዙ እሱን ሁለት አድርጉት።